በሠርግ ብርድ ልብስ የተሸፈነው ማቀዝቀዣ

ሐሙስ ቀትር ላይ ነው። በፓኪስታን፣ ከጉጅራንዋላ ከተማ በሚወጣው አውራ መንገድ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ፣ በገበያው መሀል አንድ ዕቃ ጫኝ ባጃጅ በዝግታ ያልፋል። ከኋላው በቀይ የሠርግ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ነገር ተጋድሟል። ጥምጣማቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ አንድ ሽማግሌ ከጎኑ ተቀምጠው፣ አንድ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ጭነው አንገታቸውን ደፍተዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያልፍ ከተማው የሚያደርገውን ያውቃል። ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን አስቀመጠ። ላሲ የሚባለውን የእርጎ መጠጥ የሚጠጡት ሰዎች ከነብርጭቋቸው ብድግ አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ራህመት የደንበኛውን ግማሽ ጢም ላጭቶ ግማሹን ትቶ በሩ ላይ ወጣና መዳፎቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ደንበኛውም ከነሳሙናው ከጎኑ ቆሞ «አሚን» አለ።

«አላህ ያጽናዎት ቻቻ ቡታ» አለ ራህመት ከባጃጁ ጎን ጎን እየተራመደ። «ዕድሜው ስንት ነበር?»

ሽማግሌው በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም፤ በርግጥ የዚያን ዕለት ጠዋት ሳይቆጠር። «ሦስት ዓመት» አሉ በደከመ ድምፅ።

ራህመት የተጋደመውን ነገር ቁመት አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ሐዘንተኛን በሒሳብ ማስጨነቅ ነውር ነውና ወደ ምላጩ ተመለሰ።

ቻቻ ቡታን ሰፈሩ ሁሉ እንደ አጎት ቆጥሮ ነው «ቻቻ» የሚላቸው። ጢማቸው ሳይበቅል ጀምሮ የወተት ጎሽ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በከብት ገበያው «ቡታ ብሏል» ከተባለ ክርክር ያበቃል። በዚያች ሰዓት ግን መሬት ተሰንጥቃ ከነባጃጁ ብትውጣቸው እንደ ውለታ በቆጠሩላት ነበር። መሬት አልተሰነጠቀችም። ይልቁንም ከመድኃኒት ቤቱ ታይባ ወጣች።

ታይባ የጎረቤታቸው የመምህሩ ልጅ ናት። ላሆር ከተማ ሕግ ታጠናለች፤ አሁን ለዕረፍት መጥታለች። እሷም እንደ ሰዉ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ቆመች። ከንፈሯ ዱዓውን ጀመረ፤ ከዚያ ዓይኗ የብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ አረፈና ከንፈሯ ቀጥ አለ። ጠጋ ብላ አንሾካሾከች፦

«ቻቻ፣ የሟቹ ገመድ ተንጠልጥሏል።»

ሽማግሌው ወደ ታች አዩ። ጥቁሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ከነስፒናው ወጥቶ የመንገዱን አቧራ ይጠርጋል።

«ነይ ውጪ! ተቀመጪ! ድምፅሽንም ቀንሺ!» አሉ፤ ገመዱን እንደ እባብ እየጎተቱ ብርድ ልብሱ ሥር ሸሸጉት።

«ለቀስተኛ ጨመርን?» አለ ሾፌሩ ሳዲቅ ከፊት ሳይዞር። «ሬሳው ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ዘመድ እየጫናችሁ ነው።»

ብዙም አልሄዱም። የባቡር መሻገሪያው በር ተዘግቶ አገኙት። ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ባቡሩ ብቻ ነው። ሳዲቅ ሞተሩን አጠፋ። ቻቻ ቡታም ማምለጫ ሲያጡ ታሪኩን አወጡት።

ልጃቸው ኩልሱም ስትታጭ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ሙሽራዋ ይዛ የምትሄደውን ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ የገዙት ይህን ማቀዝቀዣ ነበር። ከነፕላስቲኩ የልብስ ሣጥኖቹ ወደሚቀመጡበት ክፍል አስገብተው አቆሙት። እንግዳ ሴቶች በመጡ ቁጥር ሽፋኑ ይገለጣል፣ በጣት ይንኳኳል፣ «ማሻአላህ» ይባላል፣ ይሸፈናል። መብራት ላይ ይሰካ ያለ ሰው አልነበረም፤ የሙሽራ ዕቃ ከሙሽራዋ በፊት አይነካምና። ሦስት ዓመት እንዲህ ቆመ። ሠርጉ ሆነ፤ ማቀዝቀዣው በአበባ ተሸልሞ ከሙሽራዋ ፊት ፊት ሄደ። ወሩ ሳይሞላ ዝም አለ።

«ሰርዳራን የምትባለው አማቷ ምን እንዳለቻት ታውቂያለሽ?» አሉ ቻቻ ቡታ። «‹ያባትሽ ፍሪጅ ወተት ያሞቃል። ይቀመጥ፣ ለብርድ ጊዜ ይሆነናል።› ልጄ ጣሪያ ላይ ወጥታ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ድምፅዋን እየዋጠች ነው የምታለቅሰው፣ እንዳይሰሟት።»

ሳዲቅ እንኳ ከፊት ሆኖ ዞር አለ።

«ዛሬ ጠዋት ሄድኩና፣ ‹ቀለሙን አልወደድኩትም፤ ሱቁ በአበባማ ሊለውጥልኝ ነው› ብዬ አወጣሁት። ጠጋኙ ማንዙር ከሐዲዱ ማዶ ነው። ይከፍተዋል፣ ያየዋል፣ መልሶ ይዘጋዋል። ማንም ሳያውቅ እመልሰዋለሁ።»

«ይከፍተዋል?» አለች ታይባ። «ቻቻ፣ የፋብሪካው ዋስትና አለው እኮ! ጋራንቲ ካርዱ የት ነው?»

«እዚያው በሩ ላይ እንደተለጠፈ። የሱቁ ማኅተምም አለበት። ሲሰጡኝ ራሱ ደሜን ነው ያፈሉት።»

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለች! ሰው ሕፃን ለማየት መጥቶ ከፈን ይዞ ይመጣል? ባለሱቁ አዲስ ዕቃ እየሸጠልኝ፣ በሌላ እጁ ‹ሲበላሽብህ በዚህ ትመጣለህ› ይለኛል። ጥሩ ዕቃ ወረቀት አያሻውም፣ መጥፎ ዕቃ ደግሞ ወረቀት አያድነውም ብዬ ሳላነበው በሩ ላይ ተውኩት።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ በቻቻ ቡታ እንዳይስቅ እለምናለሁ። የራሱን የሬዲዮ፣ የካውያና የስልክ ዋስትና የት እንዳስቀመጠ አስታውሶ ከመጣ በኋላ መሳቅ ይችላል።

ታይባ ጉልበቷን አቅፋ ትንሽ አሰበች። «ያ ወረቀት ትንቢት አይደለም፣ ቃል ነው» አለች። «ፋብሪካው ‹ዕቃዬ ውስጥ ከእኔ ቤት የመጣ ጉድለት ካለ፣ በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ እኔው አድነዋለሁ› ብሎ ራሱን በራሱ ላይ ዋስ ያቆመበት ነው። ደግሞ በነፃ አልሰጠዎትም፤ ዋጋው ውስጥ ነው ያለው። አንድ ዕቃ ገዝተው ግማሹን ሱቅ ትተው ወጡ ማለት ነው።»

«ገዝቼ ስለወሰድኩት ዕቃ ደግሞ ሄጄ ደጅ ልጥና? ‹ጌቶቼ፣ ፍሪጄ ታመመብኝ› ልበል? ልመና ነው ይሄ!»

«ልመናማ የራስ ያልሆነውን ነው። ቻቻ፣ እስቲ እኔ አላውቅም፣ ይንገሩኝ፤ ጎሽ ሲሸጡ እንዴት ነው የሚያደርጉት?»

የቻቻ ቡታ አንገት ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «እኔ? የኔን ስም አርክሰሽ ከፍሪጅ ጋር አታወዳድሪ። ጎሿን ስሸጥ ቃሌ አብሯት ይሄዳል። ገዢዎቹ ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ያልቧታል። ያልኩትን ወተት ካልሰጠች፣ ከረገጠች፣ ወተቷን ከያዘች ገመዷን ይዘው ይምጡ። አንድም ቃል አልናገርም፤ እቀበላለሁ።»

«እነሱ በፀሐይ አስረው፣ ውኃ ነስተው ቢያደርቋትስ?»

«ያ የእነሱ ጥፋት ነዋ! እኔ የምቆመው ከእኔ ዘንድ ይዛው ለሄደችው በሽታ ነው።»

«አንዱ የሰፈር ሐኪም ነኝ ባይ ጡቷን በቢላ ሰንጥቆ ውስጡን አይቶ፣ አልሆንለት ሲል ደግሞ ቢያመጧትስ?»

«በቢላ የተነካች ጎሽ እኔ ደጅ አትደርስም!» አሉ ቻቻ ቡታ፣ መዳፋቸውን ብርድ ልብሱ ላይ እየመቱ። «በሽታው የኔ ይሁን የቢላው በምን ላውቅ ነው? እኔ ሳላያት ለምን...»

እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከመሻገሪያው በር ባሻገር የማንዙር ጠጋኝ ሱቅ ሰሌዳ ይታያል፤ ማንዙርም በሩ ላይ ቁጭ ብሎ መፍቻውን በጨርቅ እየወለወለ ነው።

ታይባ ምንም አልጨመረችም፤ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ዝም ማለት መቻሉ ብርቅ ስለሆነ ልመዘግብላት ወደድኩ። ዝም ያላለው ሳዲቅ ነው።

«በሉ እንግዲህ፣ ማንዙር ቢላውን እየሳለ ነው።»

«ዝም በል አንተ!» ቻቻ ቡታ ጢማቸውን ጨበጡ። ቆይተው፣ እንደ ተሸነፈ ሰው ሳይሆን እንደ ታመመ ሰው፣ «ነውሩስ?» አሉ። «ጋራንቲ ያልሽው ሲመጣ እኮ መኪና ይዞ ነው የሚመጣው። ስሙ በትልቁ የተጻፈበት መኪና! የልጄ አማቶች ደጅ ላይ ይቆማል። ሰፈሩ በሙሉ ‹የቡታ ልጅ የሞተ ዕቃ ይዛ ገባች› ይላል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስሟ ማን ሊሆን ነው? ‹ወተት አሞቂ› ነው የሚሏት፤ እስክታረጅ ድረስ።»

«የሸጧት ጎሽ ተመልሳ መጥታ ታውቃለች?»

«መጥታለች። አንድ ሁለቴ።»

«ያን ቀን የመለሷት ሰዎች ናቸው ያሳፈሩዎት?»

ቻቻ ቡታ ጥምጣማቸውን ከቅንድባቸው ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «አይደለም» አሉ። «ያሳፈረኝ ያልመለሰው ነው። ከሲያልኮት የመጣ ጨዋ ሰው ነበር። ወተቷን የምትይዝ ጎሽ ሄደችበት፤ እኔ አላወቅሁም። ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ። ለእኔ ዝም አለ እንጂ ለገበያው ዝም አላለም። በሌላ ዓመት አንድ ሠርግ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከጀርባዬ አንዱ የማትረባ ነገር አይቶ ‹ይቺ የቡታ ጎሽ ናት› ብሎ ሲስቅ ሰማሁ። ያን ቀን የበላሁት ሩዝ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።»

«መልሷት ቢሆንስ?»

«ሌላ እሰጠው ነበራ! እሱም ወተት፣ እኔም ስሜን እናገኝ ነበር። የትኛው ጎተራ ነቀዝ እንደገባበትም አውቅ ነበር፤ ጎሿን ከገዛሁበት መንደር ሁለተኛ ባልገዛሁ ነበር።»

«ያው ነው ቻቻ። ጥፋቱ የማይነገረው ፋብሪካ ነገም ያንኑ ሞተር ለሌላ ሙሽራ ይልካል።»

ከዚያ ታይባ፣ ነገሩ ሲቀናት ከፊቷ ሰው መኖሩን የምትረሳ ልጅ ስለሆነች፣ ብርድ ልብሱን ገልጣ ካርዱን ከበሩ ላይ አንሥታ እንደ ዳኛ ታነብ ጀመር። ለጠቅላላው ዕቃ አንድ ዓመት ይላል፤ ለሞተሩ ብቻ አሥር ዓመት ይላል። የሚቆጠረው ከተገዛበት ቀን ነው እንጂ ከተሰካበት ቀን አይደለም። «የመጀመሪያው ዓመት በሣጥኖቹ ክፍል ውስጥ ማሻአላህ ሲባልለት አለቀ» አለች። «ያኔውኑ ሰክታችሁ አንድ ሳምንት ብታዩት ኖሮ ሕመሙ እናንተው ቤት ይታወቅ ነበር። ልጅቷ ያማቷ ቤት ሆና አትሰማውም ነበር።»

ይህን ስትል አላየቻቸውም። ሳዲቅ ግን በመስተዋቱ አየ፤ የሽማግሌው ዓይን ሞልቷል። ማሻአላህ ያሉት ሴቶች፣ ሽፋኑን በየጊዜው የገለጡት እጆች፣ የጎረቤት ምቀኝነት የጣፈጠው የራሳቸው ልብ፣ ሁሉም በአንዴ መጥቶባቸዋል።

«ግድ የለም» ብላ ቀጠለች፤ «ሞተሩ ከሆነ ገና አለ። ደውለን እንጠራቸዋለን፤ ቀላል ነው።»

«ቀላል ነው!» ቻቻ ቡታ ካርዱን ነጥቀው ራሳቸው አነበቡ። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ። «ዕቃው የሚታየው በሚሠራበት ቤት ነው ይላል። የሚሠራበት ቤት የሰርዳራን ቤት ነው። ጠዋት ቀለም ብዬ የዋሸሁት ቤት ነው። አንቺ ልጅ፣ ሕጉን ሁሉ ታውቂያለሽ፤ አማት ግን ገና የለሽም።»

ታይባ ካርዱን ተቀብላ መስመሩን እንደገና አየች። ለዚህ ላሆር ያስተማራት ነገር አልነበረም። «እውነትዎን ነው» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ላደርገው አልችልም ነበር። ግን ሌላ መንገድ አላየሁም፤ ዋስትናውም እንደ እርስዎ ቃል ነው፣ የሚሠራው እውነቱን ለሚናገር ነው።»

ባቡሩ መጣ፣ አለፈ፣ በሩ ተነሣ። ከኋላ ያለው ተሽከርካሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጥሩምባውን ነፋ።

«ወደፊት ነው ወደኋላ?» ጮኸ ሳዲቅ።

ማንዙር ማዶ ሆኖ እጁን አወዛወዘ። ቻቻ ቡታ አዩት። «ወደኋላ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ፍሪጁን አቁመው፤ ተኝቶ አይሄድም። ያንንም ብርድ ልብስ አንሣልኝ።»

ባጃጁ ገበያው መሀል ሲመለስ ማቀዝቀዣው ነጭ ሆኖ፣ ፕላስቲኩ በፀሐይ እያብረቀረቀ፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ራህመት ከሱቁ ወጥቶ ወገቡን ያዘ።

«ቻቻ! እኔ ዱዓ ያደረግሁት ለፍሪጅ ነው?»

«አላህ አይከለክልህም፤ ታሞ ነበር» አሉ ቻቻ ቡታ። ጆሯቸው እስከ ጫፉ ቀልቷል። ገበያው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁን እንደ ዝናብ ዝም ብለው ተቀበሉት፤ ከዝናብ ማንም አልሞተም።

የሰርዳራን ግቢ ሲደርሱ ታይባና ሳዲቅ ውጭ ቀሩ። ሰርዳራን የገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ኩልሱም የቧንቧው አጠገብ ቆማለች፤ አባቷን ስታይ ፊቷ ሸማ መሰለ።

«አበባማው ይሄ ነው ወንድሜ?» አሉ ሰርዳራን። «አበባው አልታየኝም፤ መነጽሬን ላምጣ?»

«አበባ የለም እህቴ። ቀለሙም ምንም አልሆነ። ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ።» ቻቻ ቡታ ቆመው ነው የሚናገሩት፤ ተቀመጡ ያላቸው የለም። «ተበላሽቷል። ልጄ እንዳታፍር ብዬ ተደብቄ ላሠራው ነበር። አሁን ግን የፋብሪካውን ሰዎች ልጠራ ነው፤ እዚህ እርስዎ ደጅ ነው የሚመጡት፤ ስማቸው የተጻፈበት መኪና ነው ያላቸው። የሚባል ነገር ካለ ለእኔ ይባል። ዕቃውን የመረጥኩትም፣ ሦስት ዓመት ሳልሞክር የቆለፍኩበትም እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም።»

ሰርዳራን ባቄላውን አቆሙ። ሲናገሩ ድምፃቸው ላይ ተረቡ አልነበረም።

«ፕላስቲክ ያልተነሣለት ዕቃ ቀለሙ ለማን ታይቶ ነው? ጠዋትም አላመንኩዎትም።» ልጣጩን ከቀሚሳቸው አራገፉ። «እኔ ሳገባ አባቴ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሰጠኝ። በሰፈሩ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ቀን ዞረ፣ ከዚያ ዝም አለ። ለአባቴ ምን ብዬ ልንገረው? ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር ‹እንዴት ነው ማሽኑ ልጄ?› ይለኛል። ‹እጄን አሳረፈልኝ አባዬ› እለዋለሁ። በእጄ አጥቤ፣ በማሽን አጠብኩ እያልኩ አባቴ ሞተ። ማሽኑም ወረቀት ነበረው፤ ቀይ ማኅተም ያለበት። የልጆቹን ሻይ ማማሰያ ጠቅልዬበት የት እንደገባ እንጃ።» ወደ ምራታቸው ዞሩ። «የወተቱን ነገር ያልኩሽ እኔ ነኝ። ማለት አልነበረብኝም። አንቺ ግን ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ነሽ፤ ለአባትሽ ደወልሽ።»

ኩልሱም ሻሿን አፏ ላይ ጫነች። ቻቻ ቡታ ደግሞ አንገታቸውን እንደገና ደፉ፤ ይሄኛው እፍረት ግን ሌላ ነበር። ልጃቸው ምን ያህል ነገር «እጄን አሳረፈልኝ» እያለች ልትኖር እንደነበረ ነው ያሰቡት።

መኪናው ቅዳሜ መጣ። ስሙ ቻቻ ቡታ ከፈሩት በላይ ትልቅ ነበር፤ ሥዕልም ነበረው። ሰፈርተኛው በሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አየ። ሠራተኛው የካርዱን ማኅተም አየ፣ ዕቃው በሌላ እጅ ያልተነካ መሆኑን አረጋገጠ፣ ሞተሩን ያለ ክፍያ ለወጠ። ሌላ አንድ ትንሽ መቆጣጠሪያም ተቃጥሎ ነበር፤ የዚያ ዋስትና ግን በሣጥኖቹ ክፍል ውስጥ ስለሞተ ቻቻ ቡታ ከኪሳቸው ከፈሉ። አልተከራከሩም። ሠራተኛው መሣሪያዎቹን መኪናው ውስጥ እየመለሰ ሳለ አንዲት ጎረቤት ከግንቡ በላይ አንገቷን አውጥታ፣ «ወንድሜ፣ የኔው ፍሪጅ ዱቄት ማስቀመጫ ከሆነ ቆይቷል፤ እንዴት ነው የምትመጡት?» ብላ ጠየቀች። ሰፈሩ የሳቀው በዚህች ሴት ነው ቢባል ደስ ባለኝ፤ ግን የሳቀ አልነበረም። ሁሉም የየቤቱን የተሸፈነ ዕቃ እያሰበ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የተገኘውን ጥቅም መናገር የጸሐፊው ግዴታ ነው። ዕቃ የገዛ ሰው ወዲያው ይሞክረው፤ የዋስትናው ጊዜ ለእንግዳ ማሳያ አልተሰጠም። ካርዱን ከነማኅተሙና ከደረሰኙ ጋር በአንድ ቦታ ያኑር፤ የትኛው አካል ለስንት ጊዜ እንደሚሸፈን ገና ሱቁ ውስጥ ቆሞ ያንብብ። ሲበላሽ ሌላ እጅ ሳይነካው ዋስትና የሰጠውን ይጥራ። ይህን ያደረገ ሰው ገንዘቡን ያድናል፤ ሠሪውም ጥፋቱን ያውቃል፤ ቀጣዩ ሙሽራም ደህና ዕቃ ይዛ ትገባለች። ከሁሉ በላይ ግን በአንድ ቤት ውስጥ የተሰበረ ነገር ተሰበረ ይባላል።

ያን ቅዳሜ ቻቻ ቡታ ከሰርዳራን ቤት ቀዝቃዛ ላሲ ጠጥተው ሊሄዱ ሲነሡ ኩልሱም እስከ በሩ ሸኘቻቸው። እዚያም ጣቶቿን እያፍተለተለች ቆመች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ነበር። ለሠርጉ ሳምንት ሲቀር የገዙልን ማራገቢያ... እሱም አይዞርም። እንዳያዝኑ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።»

ቻቻ ቡታ ልጃቸውን አዩ፤ ከጀርባዋ ግቢውን፣ ባቄላ የሚፈለፍሉትን አማቷን፣ ገና ጣሪያ ላይ ያሉትን ጎረቤቶች አዩ።

«ደውዪላቸዋ» አሏት። «ጓዳ ገብተሽ አይደለም። እዚሁ ግቢው መሀል ቁሚና ጮክ ብለሽ ደውዪ።»